በመንደርደሪያው ጫፍ የነበረችው ዋርካ

መስከረም 24፣ ቅዳሜ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሥራ ነበር። የሕንፃ ከፍታ፣ የአውሮፕላን መንደርደሪያ ርዝመት፣ የቀለም ቁጥር ልጽፍበት። ገና ከመጀመሪያው ገጽ ወሬ ጀመርሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ በባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ሠላሳ አንድ ዓመት በእሳት አደጋ መኪና ላይ ሠርተው ጡረታ ወጡ። አውሮፕላን ሲነሣና ሲያርፍ ዕድሜያቸውን ሙሉ አዩ፤ አንድ ቀን አልተሳፈሩም። የተወለዱት ሐይቁ መካከል፣ ደቅ ደሴት ነው። «ደቅን ከላይ ሆኜ ባያት» ይላሉ ዘወትር። ወደ ደቅ የሚሄደው ጀልባ እንጂ አውሮፕላን አይደለም። እኔም አፌ አያርፍ፣ «ለኅዳር ሚካኤል በኮምፒዩተር አበርርዎታለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ።

የበረራ ሲሙሌተር የሚባል ፕሮግራም አለ። ዓለም ሁሉ አለበት። ባሕር ዳርን ሲከፍቱት ግን ሣር ላይ የተዘረጋ አስፋልት ብቻ ነው፤ ተርሚናል የለ፣ የመቆጣጠሪያ ማማ የለ። ደቅ ደግሞ ውኃ መካከል ያለ ባዶ አረንጓዴ ጉብታ። የጎደለውን መልክዓ ምድር ሰው ራሱ ሠርቶ መጨመር ይችላል። ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የቦታ ካርታ የምሥል ሰው ነኝ፣ ይህ ምን ይከብደኛል አልሁ።

ፕሮግራሙን ላፕቶፔ ላይ የጫነልኝ ኪሩቤል ነው፤ ክረምት ላይ ከሐዋሳ መጥቶ ሰርቪስ ክፍላችንን የተከራየው የፔዳ ዩኒቨርሲቲ ግቢ መምህር። ትልቁን ኮምፒዩተሩን እኛ ሳሎን አስቀምጦታል፣ የሱ ክፍል መብራት ስለማይችለው። ጨዋ ልጅ ነው። ለጊዜው።

መስከረም 29፣ ሐሙስ

ተርሚናሉን ጨረስሁ። ቦታው ላይ ሳስቀምጠው እስከ መስኮቱ መሬት ውስጥ ሰመጠ። ከፍ ሳደርገው አየር ላይ ተንሳፈፈ። አራት ቀን ከሱ ጋር ስታገል ከረምሁ።

ኪሩቤል የጥርስ ብሩሹን ይዞ ሲያልፍ አየኝ። «መሬቱን መጀመሪያ ደልድይው እንጂ፣ አገርነሽ። ቤት የሚሠራ ሰው አይደለድልም?» አለኝ። ቁጭ ብሎ በአሥር ደቂቃ አስተካከለው።

አመሰገንሁት። ግማሹ ከልቤ ነው።

ጥቅምት 2፣ እሑድ

የሐይቁን ዳር ከሳተላይት ፎቶ ላይ እየተከተልሁ ሣልሁ። አባዬ ወንበራቸውን አስጠግተው፣ አፍንጫቸው ላፕቶፑን ሊነካ ምንም እስኪቀረው ድረስ ጎንበስ ብለው አዩት። ብዙ ቆዩ።

«ይህ የግንቦት ሐይቅ ነው» አሉ። «ውኃው ሸሽቷል። ለኅዳር ሚካኤል ከሆነ የምትወስጂኝ ሐይቁ ሙሉ ነው፣ ደንገሉ እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ነው የሚቆም።»

ፎቶው የተነሣበትን ቀን ፈልጌ አየሁ። እውነትም ግንቦት። ደስ አለኝ፤ ለኔ ነው የነገሩኝ።

ደስታዬ እስከ ምሳ አልቆየም። ኪሩቤል «እስቲ ስለ ድሮው ማረፊያ ይንገሩኝ፣ ጋሼ» ብሎ ስልኩን መቅጃ ላይ አድርጎ ፊታቸው አስቀመጠ። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል በመኪናዋ መንደርደሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየነዱ ከብትና ወፍ እንደሚያባርሩ ነገሩት። አንድ ቀን አንዲት ጊደር አልወጣም ብላ አብራሪው ሁለት ጊዜ ከተማውን እንደዞረ ነገሩት። እሱ ይስቃል፣ እሳቸው ይጨምሩለታል።

የጊደሯን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ነኝ።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

በችኮላ። ቢሮ ስብሰባ አለ። ኔት የለም፣ ማስተማሪያ ቪዲዮዎቹን ማየት አልቻልሁም። ደቅ ላይ ዛፍ ተከልሁ፤ ፕሮግራሙ ያለው ዛፍ የፈረንጅ አገር ጥድ ብቻ ነው። ይቅር፣ ከሩቅ ማን ያየዋል።

አባዬ በረንዳ ላይ እግራቸውን ባልዲው መታቸው። «ማን ነው እዚህ ያስቀመጠው?» ብለው ጮኹብኝ። ባልዲው ሁልጊዜ እዚያው ነው። እኔም መልሼ ተቆጣሁ። ሰሞኑን ሆደ ባሻ ሆነዋል።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ካርድ ልገዛ ጎረቤታችን ዘይነት ሱቅ ገባሁ። «ጋሼ ደሞዝ በስተርጅና ወንድ ልጅ አገኙ አይደል» አለችኝ እየሳቀች። «ልጁ እኮ እጃቸውን ይዞ ነው በር ድረስ የሚያወጣቸው። አንቺ ቢሮ ነሽ፣ ምን ታደርጊ።»

ሳቅሁላት። ካርዴን ይዤ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ሁለቱም ሳሎን ናቸው። ኪሩቤል ለካ የራሱን መሥራት ጀምሯል፤ የድሮውን ማረፊያ፣ አባዬ እንደነገሩት አድርጎ። ማንም ሳይጠይቀው። እኔ ማማዬን ላሳያቸው ላፕቶፑን ይዤ ቀረብሁ። «እህ» አሉ። «በርቺ።» ይኸው ነው። ዞር ብለው የሱን ሲያዩ ግን፣ «አዬ ልጄ! መኪናዋ ሞተሯ የሚነሣ ነው የምትመስለው።»

ልጄ አሉት። በጆሮዬ ሰማሁ።

ይህ ቅናት አይደለም። ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ ሲሆን ምን ይባላል? እሱ ነው።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ከምሳ ተመልሼ ቢሮ ሆኜ እየጻፍሁ ነው። ካርታ መሣል አልቻልሁም።

ዛሬ ምሳ ላይ አባዬ ለኪሩቤል እንዲህ አሉት፦ «በመንደርደሪያው ጫፍ፣ አጥሩ ሥር፣ አንዲት ዋርካ ነበረች። አውሮፕላን እስኪመጣ ከሥሯ ነበር የምንቀመጥ። የአገርነሽ እናት ምሳዬን ይዛ እስከዚያች ዋርካ ነበር የምትመጣ። በአጥሩ ቀዳዳ ታቀብለኝና ቁጭ ብላ ስበላ ታየኛለች። በኋላ ቆረጧት።»

እናቴ ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ። አባዬ ስለሷ አያወሩም። እንዳላስለቅሳቸው ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም። ለካ ያወራሉ። ለኔ አያወሩም እንጂ።

ኪሩቤል «ከማረፊያው በር ስንት እርምጃ ትርቃለች፣ ጋሼ?» አለ። «አርባ ሁለት» አሉት ሳያስቡ። እሱም ወረቀት ላይ ጻፈው። የእናቴን ዋርካ።

ሰዓት ደርሷል ብዬ ተነሣሁ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ሦስት ቀን ሙሉ ያቺን ዋርካ ሲሠራ ሰነበተ። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ። ግንዷ ላይ ሰው ተደግፎ ያለሰለሰው ቦታ ሳይቀር አድርጎላታል።

ታምራለች። ክፉ ሰው አይደለሁም፣ የሚያምር ነገር አምሯል እላለሁ። የኔ ደቅ ላይ አንድ ሺህ የፈረንጅ ጥድ ቆሟል።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ ጠዋት

ኪሩቤል ለቅዳሜ ተማሪዎቹ ፔዳ ሄዷል። ኮምፒዩተሩን ሳያጠፋ ነው የወጣው። አባዬ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

ዋርካዋን አጠፋኋት። ከሥዕሉም፣ ከፋይሉም። ሁለት ጊዜ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ሁለት ጊዜ አዎ አልሁ። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም።

ኪሩቤል ቢጠይቀኝ አላየሁም እላለሁ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

አባዬ ከበረንዳ ገቡና «አገሬ፣ የልጁን ሥራ እስቲ ክፈችልኝ፤ ዋርካዋን ላያት» አሉኝ። የኔን ክፈቺ አላሉም።

ንዴቴ እንደገና ተነሣ። እሺ፣ ይዩዋ፣ አልሁ በልቤ። «ጨርሻለሁ» ብሎ አልነበር የነገራቸው? አለመኖሯን ይዩና በሱ ይዘኑ። ከፈትሁ። በሩ ጋ ቆሜ፣ አርባ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄጄ፣ አጥሩ ሥር ምስሉን አቆምሁት። ሣር ብቻ ነው። ባዶ ሣርና ሰማይ።

«ይኸው አባዬ» አልሁ።

ጎንበስ አሉ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ፣ «አዎ። ይህች ናት» አሉ። «ልክ ቦታዋ ላይ ተክሏታል። እግዜር ይስጠው።»

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አባዬ የኪሩቤልን ትከሻ ይዘው አመሰገኑት። «ትናንት አየኋት፣ አገሬ አሳየችኝ፤ ቅጠሏን ቆጥሬ ልጨርሰው ምንም አልቀረኝ» አሉት። እሱ በደስታ ፊቱ በራ።

እኔ ሰላጣ አጠብሁ።

ምናልባት መነጽራቸውን አላደረጉም ነበር። አድርገዋል፤ አስታውሳለሁ።

ከሰዓት መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ትናንት ኪሩቤል ዋርካዋን አጣት። «ጉድ ነው፣ መብራቱ ሲሄድ ፋይሉ ተበላሸብኝ መሰለኝ» አለ። «ደግነቱ ጋሼ ቅዳሜ ዕለት አይተዋታል።» ራሱን ሲሳደብ አመሸ። ዛሬ እንደ አዲስ ጀመረ።

እኔ ደቅ ላይ ጥድ ስተክል አመሸሁ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ከአባዬ አልጋ እስከ በሩ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። እንዴት አወቅሁ? ከንፈራቸው ሲቆጥር አየሁ። ቴሌቪዥኑንም ፊት ለፊት አይቀመጡም ለካ፤ ጆሯቸውን ሰጥተው ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡ። ከመቼ ጀምሮ?

ቢሮ ረዘም ያለ ሥራ አለብኝ። ሐኪም ቤት ነገ።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ነገ ያልሁት አምስተኛ ቀኑ ነው።

ሰበቤን በወረቀት ላይ ልየው። «አባዬ አያዩም» ብል «እንዴት አወቅሽ?» እባላለሁ። እንዴት እንዳወቅሁ ከተናገርሁ ኪሩቤል ያውቃል፣ ዘይነት ታውቃለች፣ ሰፈሩ ያውቃል። ሌላ ምክንያት መፍጠር እችል ነበር፤ እርምጃ ሲቆጥሩ አየሁ ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። አላልሁም።

ሌላም ነገር አለ። ስጽፈው ራሴን ጠላሁት። ካላዩ የሱም ሥራ ከኔ አይበልጥም። እኩል ሆነናል። ይህን ካሰብሁ ጀምሮ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ለሚካኤል አሥራ ሰባት ቀን ቀረ። ጥዶቹን እየነቀልሁ ነው። ምን እንደሚያደርግልኝ አላውቅም።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

አባዬ ወደቁ። ከበረንዳው ደረጃ። ግንባራቸው ተፈነከተ፣ አጥንት ግን ደኅና ነው። ያነሣቸው ኪሩቤል ነው። ደሙን ሲጠርግላቸው እጁን ፊታቸው ላይ ወዲያ ወዲህ አደረገና ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ አያዩም እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«እንዴ» አልሁ።

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ሁሉንም እንደሆነው ልጻፍ።

ሦስታችንም በባጃጅ ዓይን ክሊኒክ ሄድን። ዶክተር ኑሰይባ የምትባል፣ ድምፅዋ ቀስ ያለ ሐኪም ናት። የአባዬን የዓይን ግፊት ለካች፤ መብራት አብርታ ውስጡን አየች። ከዚያ ወንበሯን አዞረች። «አባባ፣ ማየት ያስቸገረዎት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሰሞኑን ነው፣ የኔ ልጅ። ትንሽ ጭጋግ ብሎብኝ ነው» አሉ።

«ሰሞኑን ማለት?»

ኪሩቤል ጣልቃ ገባ። ሊረዳ ነው። «ጥቅምት አሥራ አምስት በደንብ ያዩ ነበር ዶክተር። እኔ ኮምፒዩተር ላይ የሠራኋትን ዛፍ ለይተው አይተዋል፤ ራሳቸው ነገሩኝ።»

ሐኪሟ ጻፈች። «እንዲያ ከሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው የጠፋው። ይህ ሌላ በሽታ ነው፤ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ከተማ ልልካቸው ነው» አለች። «እርግጠኛ ናችሁ? ሕክምናው በዚህ ነው የሚለይ።»

አባዬ አንገታቸውን ደፉ። እውነቱን ያውቃሉ። እኔም አውቃለሁ።

«አላዩም» አልሁ።

ሁሉም ዞሩ።

«ያን ቀን ዛፏ አልነበረችም። ጠዋት እኔ አጥፍቻት ነበር። ባዶ ሣር ነው ያሳየኋቸው፤ አየኋት አሉኝ። ያኔም አያዩም ነበር። ከዚያም በፊት እየሸሸ ነበር፤ ጥቅምት መግቢያ ላይ አፍንጫቸውን ላፕቶፑ ላይ አስጠግተው ነበር የሚያዩ፤ በሁለት ቀኑ ደግሞ ባልዲ መታቸው። አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ አውቄ ዝም አልሁ።»

ዶክተሯ የጻፈችውን ሰረዘች። እንዴትና ለምን አላለችም፤ እግዜር ይስጣት። ግፊቱ የቆየ ነው አለች፤ የግራው ዓይን አልቋል። የቀኙ መሃሉ ላይ ትንሽ ቀርቶታል፤ ጠብታውን ሳያቋርጡ ከወሰዱ ያለው ይቆያል፣ የሄደው አይመለስም። «አሥራ ስድስቱ ቀን ለውጥ ነበረው?» አልኋት። «ይኖረዋል» አለች።

ስንመለስ ኪሩቤል ከሾፌሩ ጋር ፊት ተቀመጠ። ግቢ ስንገባ፣ «መብራቱ ነው ብዬ ሦስት ቀን ራሴን ስሰድብ እያየሽኝ ነበር» አለኝ። አዎ አልሁት። ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ጠብታ በቀን ሁለት ጊዜ። እኔ ነኝ የማደርግላቸው። ኪሩቤል ወሩ ሲያልቅ ፔዳ አጠገብ ክፍል አግኝቶ ሊወጣ ነው። አትሂድ ለማለት አፍ የለኝም።

ዛሬ ጠብታውን አድርጌላቸው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ «አባዬ፣ ለምን አየሁ አሉኝ?» አልሁ።

«አለማየቴን ካወቅሽ ሥራውን ትተዪዋለሽ ብዬ» አሉ። «ልጁን ማመስገን አይከብደኝም። የሰው ልጅ ነው፣ ከቤቱ ርቋል፣ አየሁ ስለው ደስ ይለዋል። አንቺ ማማሽን ይዘሽልኝ ስትመጪ ግን አፌ ያዘኝ። ያላየሁትን አየሁ ብዬ አንቺን እንዴት ልዋሽሽ? ‹እህ› አልሁ። የቅዳሜዋ ውሸት ግን አመለጠችኝ፤ የሱ ሥራ ነው ብዬ ነው።»

«የእማዬንስ?»

«አንቺን እያየሁ ስለሷ ማውራት አልችልም ነበር» አሉ። «ትመስያታለሽ።»

ጠብታው ነው መሰለኝ ጉንጫቸው ረጥቧል። እኔም ወደ ጓዳ ገባሁ። ስንት ቀን ቂም የቋጠርሁበት «እህ» ይህ ኖሯል።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ኪሩቤል ፍላሽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ውስጡ ዋርካዋ አለች፣ እንደ አዲስ የሠራት። ወረቀት አያይዞበታል፦ «ለጋሼ ነው። አርባ ሁለት እርምጃ።» ለጋሼ የምትለዋን አሥምሮባታል።

ዋርካዋን ቦታዋ ላይ አስቀመጥኋት። መሬቱን መጀመሪያ ደልድዬ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ሚካኤል

ከንግሥ መልስ አባዬ ራሳቸው የኪሩቤልን በር አንኳኩተው ይዘውት መጡ። ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ፣ ቶሎ ለመውጣት እንዲመቸው። ትልቁን ኮምፒዩተር ግን ራሱ አበራልኝ፤ የኔን ሥራ ጫንሁበት።

የአባዬ ቀኝ ዓይን አሁን የሚያየው በቁልፍ ቀዳዳ የሚታየውን ያህል ነው። ከመንደርደሪያው ተነሣን። ጫፉ ጋ ስንደርስ፣ «ዋርካዋ አለች?» አሉ። አየኋት አላሉም፤ ጠየቁኝ።

«አለች አባዬ።»

«እኔ አላየኋትም።»

አውሮፕላኑን አቆምሁት። ዋርካዋን አቀረብሁ፣ ወንበራቸውን ገፋሁ፣ አገጫቸውን ይዤ ትንሽ ወደ ግራ አዞርሁ። «አሁንስ?» አልኋቸው፤ አይታየኝም አሉ። እንደገና። ኪሩቤል ሳያስበው ተነሥቶ ከኋላዬ መጥቶ ቆሟል። ብዙ ጊዜ ወሰደብን።

«ቆይ» አሉ። «ቆይ፣ እዚያው ያዣት።» ከዚያ ቅንድባቸው ተሰበሰበ። «ይህ ምንድን ነው? ትልቁ ቅርንጫፍ ወደ ከተማ ነው እንዴ ያጋደለ? ወደ ሐይቁ ነበር እኮ የሚያጋድል። እናትሽ ከጥላው ሥር ነበር የምትቀመጥ፤ እንዲህ ከሆነማ ፀሐይ ትመታታለች።»

ኪሩቤል አየኝ፣ እኔም አየሁት። ከጥቅምት ወዲህ ሥራውን ሲነቅፉበት ይህ የመጀመሪያቸው ነው። እሱ አፉን በእጁ ያዘ። እኔ ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ። ዋርካዋን ይዤ ወደ ሐይቁ አዞርኋት።

«እንዲህ ነዋ» አሉ።

ከዚያ ወደ ደቅ በረርን። ባሕሩን አልፈን ደሴቷ ስትመጣ እጄን አጥብቀው ያዙኝ። እያንዳንዱን ቦታ ዓይናቸው ፊት እያስጠጋሁ አሳየኋቸው። «ያ ምን ዛፍ ነው? ደቅ ላይ ጥድ ማን ተከለ?» አሉ፤ ሳልነቅለው የቀረ አንድ ነበር። የጀልባ መውረጃው በስተምሥራቅ ሄዷል አሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ጠፍጥፏል፣ መንገዱ በጣም ቀጥ ብሏል፣ የሰው ቤት አንሷል። ኪሩቤል «ጋሼ፣ ጀልባዎቹን ሳይነቅፉ ሊያልፉ ነው?» ሲላቸው ስቀው ትከሻውን መቱት። ያች ቅናት አይደለም ያልኋት ነገር ተመልሳ መጣች። አልዋሽም።

እስኪመሽ ድረስ ስሕተቴን ሲለቅሙልኝ ዋሉ። አንዱንም ሳላስቀር፣ ስንት እርምጃ ወደየት እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ።